ጠብታዋን ማን ይናገር? ስለ ጠፈርተኞች የቡድን ሥራና ከሁኔታዎች ጋር ስለመላመድ የቀረበ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣

ንግግሬን የምጀምረው ከአንድ የራስ ቁር ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 16 ቀን 2013 ጣሊያናዊው ጠፈርተኛ ሉካ ፓርሚታኖ ከአሜሪካዊው ባልደረባው ከክሪስ ካሲዲ ጋር ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወጥቶ ሥራ ከጀመረ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ፣ ማጅራቱን ውሃ እንደነካው በሬዲዮ ተናገረ። ክብደት በማይሰማበት ስፍራ ውሃ አይንጠባጠብም፣ ወደ ታችም አይፈስም፤ የነካውን ነገር ይዞ ይሳባል። ይህም ውሃ ከማጅራቱ ወደ ጆሮዎቹ፣ ከዚያ ወደ ዓይኖቹ፣ በመጨረሻም ወደ አፍንጫው ተሳበ። መጀመሪያ የተጠረጠረው በልብሱ ውስጥ የያዘው የመጠጥ ውሃ ከረጢት ስለነበረ፣ ከረጢቱን ጠጥቶ ባዶ አደረገው፤ ውሃው ግን መጨመሩን አላቆመም። ሥራው እንዲቋረጥ ከምድር ታዝዞ ብቻውን ወደ መግቢያው ሲመለስ ደግሞ ፀሐይ ጠለቀችበት። በውሃ በተጋረደ ዓይን፣ በጨለማ ውስጥ፣ የቀረውን መንገድ ያገኘው ከጣቢያው ጋር ያሰረው የደኅንነት ገመድ ወደ መጣበት አቅጣጫ ሲስበው እየተሰማው፣ በእጁ እየዳሰሰ ነበር።

ሁለቱ ሰዎች በመግቢያው ክፍል ውስጥ ከተገናኙ በኋላም የአየር ግፊቱ እስኪስተካከል መጠበቅ ነበረባቸው። የፓርሚታኖ ጆሮዎች በውሃ ተደፍነው ሬዲዮውን በአግባቡ አይሰማም ነበር። ካሲዲ የባልደረባውን እጅ በጓንቱ ጨበጥ አደረገው፤ ፓርሚታኖም መልሶ ጨበጠው። ደህና ነኝ ማለቱ ነበር። የውስጠኛው በር ተከፍቶ፣ ጓደኞቻቸው የራስ ቁሩን ሲያወልቁለት፣ ውስጡ የተጠራቀመው ውሃ ከአንድ ሊትር በላይ እንደነበረ ተገመተ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው የአንድን ሰው ጽናትና እርጋታ ለማሳየት ነው፤ ፓርሚታኖም ምስጋናው ይገባዋል። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀን አንድ ሳምንት በፊት የሆነው ነው። ጁላይ 9 ቀን ይኸው ሰው ይህንኑ ልብስ ለብሶ ወጥቶ ሲመለስ፣ በራስ ቁሩ ውስጥ ውሃ ተገኝቶ ነበር። የመጠጥ ከረጢቱ አፍስሶ ይሆናል ተባለ፤ ነገሩም በዚሁ ታለፈ። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ቡድን ለምን እንዲህ እንደታለፈ ሲመረምር ያገኘው ቸልተኛ ሰው ወይም ውሸታም አልነበረም። ያገኘው፣ ከረጢቶች ያፈስሳሉ የሚል በሁሉም ዘንድ የተለመደ እምነት ነበር፤ ጥያቄውን በይፋ ማንሳት ረጅምና አድካሚ የምርመራ ሂደት ይከፍታል የሚል ማመንታት ነበር፤ የጠፈርተኞቹ ሰዓት ለምርምር ሥራ እንጂ ለእንዲህ ያለ ጥርጣሬ አይባክንም የሚል ጫና ነበር። ጠብታዋን ያየ ሁሉ ላለመናገር የሚያበቃ ትንሽና ምክንያታዊ ሰበብ ነበረው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። እውነት ነው፣ በብዙ የሕይወት አጋጣሚ ዝም ያለ ሰው ተጠቅሟል። በጠፈር ግን ዝምታ ይነቅዛል፤ የሚነቅዘውም ከውስጥ ስለሆነ ከላይ አይታይም። ዛሬ ስለ ጠፈርተኞች የቡድን ሥራ ስናገር ስለ ፍቅርና ስለ መግባባት ብቻ የምናገር እንዳይመስላችሁ። የምናገረው፣ አንዱ ያየው ነገር ሁሉም የሚያውቀው ነገር እስኪሆን ድረስ ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን እንደሚፈጅ ነው። አንድ ቡድን ከድንገተኛ ሁኔታ ጋር ራሱን የማስማማት አቅሙ የሚለካው በዚህ ጊዜ ርዝመት እንደሆነ አምናለሁ፤ ምክንያቱም መለወጡን ያላወቀ ቡድን ራሱን ከምኑ ጋር ሊያስማማ ይችላል?

በጠፈር በረራ መጀመሪያ ዘመን የጠፈር ድርጅቶች የሚፈልጉት ሰው ሌላ ዓይነት ነበር። የአሜሪካ የመጀመሪያዎቹ ጠፈርተኞች የሙከራ አውሮፕላን አብራሪዎች ነበሩ፤ ብቻቸውን በጠባብ ክፍል ተቀምጠው፣ ለደቂቃዎች ወይም ለሰዓታት በረው የሚመለሱ ሰዎች። ቆይታው ወደ ወራት ሲያድግ ጥያቄው ተለወጠ። ዛሬ ለረጅም በረራ የሚሠለጥን ሰው ከቴክኒክ ዕውቀቱ ጎን ራሱን መጠበቅን፣ ጓደኞቹን መጠበቅን፣ መነጋገርን፣ መምራትንና መመራትን እንደ ሙያ ይማራል። ከእነዚህ ውስጥ በአግባቡ የማይታወቀው የመጨረሻው ይመስለኛል። መመራት ስንል ብዙዎቻችን ትእዛዝ መቀበል ይመስለናል፤ ጠፈርተኞች የሚማሩት መመራት ግን መሪው ያላየውን አይቶ በጊዜው መንገርን፣ ከተነገረም በኋላ ውሳኔው የተለየ ቢሆን ያለ ቂም መፈጸምን የሚያጠቃልል ነው። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ቀላል አይደለም። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው ወይ አድርባይ ወይ እንቅፋት ይሆናል።

ዝምታ አንድን ቡድን ምን ያህል እንደሚጎዳ ስካይላብ ከተባለው የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 16 ቀን 1973 ጀራልድ ካር፣ ኤድዋርድ ጊብሰንና ዊሊያም ፖግ ወደዚሁ ጣቢያ ለ84 ቀናት ቆይታ ተነሡ። ሦስቱም ከዚያ በፊት በጠፈር በረው አያውቁም። ገና በመጀመሪያው ቀን ፖግ አሞት አስታወከ። የጠፈር ሕመም የተለመደ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሰዎቹ ጉዳዩ ምድር ላይ ሁካታ እንዳይፈጥር ፈርተው ላለመናገር ተስማሙ። የተስማሙበት ንግግር በጣቢያው መቅጃ ተቀርጾ ወደ ምድር ተላልፎ ነበር። የጠፈርተኞች ኃላፊ የነበረው አለን ሼፐርድ ሁሉም በሚሰማው ሬዲዮ ገሠጻቸው፤ ካርም ስሕተት መሆኑን አምኖ ተቀበለ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በጥሞና እንመልከት። የመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ሰዎች የእነ ካርን የሥራ መርሐ ግብር ያወጡት ከእነርሱ በፊት የነበረውና ከዕቅዱ በላይ ይሠራ የነበረው ቡድን በደረሰበት ፍጥነት መሠረት ነበር። አዲሶቹ ሰዎች ገና ዕቃ የት እንዳለ በመፈለግ ላይ ሳሉ፣ በየማለዳው በቴሌፕሪንተር የሚላክላቸው መመሪያ ቀኑን በደቂቃ ከፋፍሎ ይጠብቃቸዋል። ወደ ኋላ ቀሩ፤ ሲጣደፉ ተሳሳቱ፤ ስሕተቱን ሲያርሙ ይበልጥ ወደ ኋላ ቀሩ። የሚገርመው፣ ይህ ሳምንታት ሲቀጥል አንዱም ወገን በግልጽ አልተናገረም። በላይ ያሉት፣ አንድ ጊዜ የተገሠጹ ስለሆኑ፣ ማጉረምረም የመሰለባቸውን ዋጡት። በታች ያሉትም እነዚህ ሰዎች ለምን ይዘገያሉ ብለው ውስጥ ውስጡን አዘኑ። በመጨረሻ፣ ዲሴምበር 30 ቀን፣ ሁለቱ ወገኖች በሬዲዮ ረጅምና ግልጽ ውይይት አደረጉ። ከውይይቱ የወጣው መፍትሔ ሲያዩት ቀላል ነበር፦ ሰዓት የማይጠይቁ የዘወትር ሥራዎች ከመርሐ ግብሩ ወጥተው ሰዎቹ በራሳቸው ጊዜ ከዝርዝር እየመረጡ የሚሠሯቸው ሆኑ፤ የምግብ ሰዓትና የምሽት ዕረፍትም ተከበረላቸው። ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ተፋጠነ፤ በጠቅላላው ሲታይም ውጤታማ ሆነው ተመለሱ።

ይህን ታሪክ ዛሬም ድረስ የጠፈርተኞች የሥራ ማቆም አድማ ብለው የሚያወሩት አሉ። አድማ አልነበረም። እኔን የሚያሳዝነኝም ይህ ስም ትምህርቱን ስለሚሸፍነው ነው፤ አድማ ከተባለ ጥፋቱ የሦስት እልኸኛ ሰዎች ይሆናል፣ በእውነቱ ግን ቡድኑ ሦስት ሰዎች ብቻ አልነበረም። በምድር ያሉት ሁሉ የቡድኑ አካል ነበሩ። የጠፈር ቡድኖችን ለረጅም ጊዜ ያጠናው የሥነ አእምሮ ሐኪም ኒክ ካናስም፣ በጠባብ ቦታ አብረው የሚኖሩ ሰዎች እርስ በርስ የሚሰማቸውን ውጥረት ብዙ ጊዜ በውጭ ባለው፣ ማለትም በመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ላይ እንደሚያሳርፉት አሳይቷል። ከጎኔ ከሚተኛው ሰው ጋር ከመጋጨት ድምፁን ብቻ በማውቀው ሰው መቆጣት ይቀላልና።

እዚህ ላይ አንድ ሰው፣ ታዲያ ለረጅም ጊዜ አብረው የኖሩና እርስ በርስ በደንብ የሚተዋወቁ ሰዎችን ብቻ መላክ አይበቃም ወይ ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ወደ ጨረቃ የተላከችው የአፖሎ 13 ታሪክ ለዚህ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1970 መንኩራኩሯ ልትተኮስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ለኩፍኝ መሰሉ የሩቤላ በሽታ ተጋልጧል በሚል ኬን ማቲንግሊ ከበረራው ወጣ፤ በቦታውም ተጠባባቂው ጃክ ስዋይገርት ገባ። ጂም ሎቬልና ፍሬድ ሄይስ ለወራት አብረውት የተለማመዱት ሰው በምድር ቀርቶ፣ ሌላ ሰው ከጎናቸው ተቀመጠ። ኤፕሪል 13 ቀን የኦክስጅን ታንኩ ፈንድቶ ዋናዋ መንኩራኩር ኃይሏን ስታጣ፣ ሦስቱ ሰዎች ለሁለት ሰው፣ ለሁለት ቀን ያህል ወደ ተሠራችው የጨረቃ ማረፊያ መንኩራኩር ተሸጋግረው አራት ቀን ሊኖሩባት ተገደዱ።

ስዋይገርት ለቡድኑ አዲስ ቢሆንም ለሥራው አዲስ አልነበረም። እነ ሎቬል የሚጠቀሙባቸውን ቃላት፣ የሚከተሏቸውን ቅደም ተከተሎችና አንድ ቁልፍ ከመነካቱ በፊት የሚባለውን ሁሉ በዚያው ሥርዓት ተምሮታል። ኤፕሪል 15 ቀን አቅጣጫቸውን ለማስተካከል ሞተሩን ለ14 ሰከንድ ማንደድ ሲያስፈልግ፣ ኮምፒውተሩ ኃይል ለመቆጠብ ጠፍቶ ስለነበረ፣ ምድርን በመስኮት አነጣጥረው በእጅ ነዱት፦ ሎቬል አንዱን የመንኩራኩሯን ዝንባሌ፣ ሄይስ ሌላውን ሲይዙ፣ ስዋይገርት በሰዓቱ ሰከንዶቹን ቆጠረ። ሦስት ሰው አንድ መሪ ሆነ። በዚህ መካከል የተነፈሱት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊመርዛቸው ሲቃረብ፣ ከዋናዋ መንኩራኩር የመጡት አራት ማዕዘን ማጣሪያዎች ከማረፊያዋ ክብ ቀዳዳ ጋር አልገጠሙም። በምድር ያሉት መሐንዲሶች በጠፈርተኞቹ እጅ ያለውን ብቻ፣ ማለትም ላስቲክ ከረጢት፣ የመመሪያ መጽሐፍ ካርቶን፣ የልብስ ቱቦና ፕላስተር አሰባስበው መጀመሪያ ራሳቸው ሠሩት፤ ከዚያ ደረጃ በደረጃ በሬዲዮ አነበቡላቸው። ማቲንግሊም ከበረራው የቀረው ሰው ሆኖ ሳለ፣ መንኩራኩሯ በመጨረሻው ሰዓት እንደገና ኃይል የምታገኝበትን ቅደም ተከተል በምድር ሆኖ በማዘጋጀት ረዳቸው። በዚህ ቡድን ውስጥ ያየሁት ጓደኝነት አይደለም ማለቴ አይደለም፤ ጓደኝነቱ የተደገፈበት የጋራ ቋንቋ ነበር ማለቴ ነው።

ስለ ቋንቋ ካነሣን አይቀር፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የአሜሪካና የሶቪየት መንኩራኩሮች በጠፈር ሲገናኙ፣ እያንዳንዱ ሰው የሌላውን ቋንቋ ቢናገር ይበልጥ እንደሚግባቡ ደርሰውበት ነበር። ሰው በሰው ቋንቋ ሲናገር ቀስ ብሎ፣ ቃል መርጦ ይናገራል፤ አድማጩም ሳይደክም ይሰማዋል። የሶቪየቱ ጠፈርተኛ አሌክሲ ሊዮኖቭ የአሜሪካዊውን የቶማስ ስታፎርድን የሩሲያኛ አነጋገር፣ ከተወለደበት ከኦክላሆማ ጋር አያይዞ፣ ኦክላሆምስኪ እያለ ይቀልድበት ነበር፤ ቢሆንም ተግባብተዋል።

የዚህ ጥቅም ሚር በተባለው የሩሲያ የጠፈር ጣቢያ በ1997 ታየ። ጁን 25 ቀን የጣቢያው አዛዥ ቫሲሊ ጺብሊየቭ በርቀት መቆጣጠሪያ ሊያስጠጋት የሞከራት የጭነት መንኩራኩር ስፔክትር የተባለውን ክፍል ገጭታ ቀዳደችው። አየር መውጣት ጀመረ፤ አሜሪካዊው ማይክል ፎል የግፊቱ መቀነስ በጆሮው ተሰማው። ሩሲያዊው ባልደረባቸው አሌክሳንደር ላዙትኪን ግጭቱን በመስኮት አይቶት ስለነበረ የትኛው ክፍል እንደተበሳ ያውቅ ነበር፤ ወዲያው በበሩ የሚያልፉትን ኬብሎች መንቀልና መቁረጥ ጀመረ። ፎል ሩሲያኛ ጠንቅቆ ተምሮ ስለነበረ አስተርጓሚ ሳያስፈልገው ከላዙትኪን ጋር ተጋገዘ፤ በሩም ተዘጋ። በዚያ በር ወዲያ የቀሩት ደግሞ የፎል የግል ዕቃዎችና የሚተኛበት ስፍራ ነበሩ። ጣቢያው ኃይል አጥቶ በጨለማ ውስጥ ሲሽከረከር፣ ፎል በመስኮት አውራ ጣቱን ከከዋክብት ጋር እያነጻጸረ የሽክርክሪቱን ፍጥነት ገመተ፤ በዚያም ግምት መሠረት ከጣቢያው ጋር የተያያዘችውን የሶዩዝ መንኩራኩር ሞተሮች ተጠቅመው ጣቢያውን ወደ ፀሐይ አዞሩት። በአውራ ጣት ጠፈር ላይ የሚለካ ሰው ከመመሪያው መጽሐፍ ውጪ ወጥቷል፤ ግን ያወጣው ግምት ዋጋ የኖረው የሚሰሙትና የሚያምኑት ጓደኞች ስለነበሩት ነው።

እንዲህ ያለው መተማመን ምድር ላይ እንዴት ይለመዳል? የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት ከ2011 ጀምሮ ከተለያዩ አገሮች የመጡ ጠፈርተኞችን በጣሊያኗ ሰርዲኒያ ደሴት ዋሻዎች ውስጥ ለቀናት ከፀሐይ ብርሃን ርቀው እንዲያስሱና ካርታ እንዲነሡ ያደርጋል። የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ደግሞ በፍሎሪዳ ባሕር ውስጥ፣ ወደ 19 ሜትር ጥልቀት ላይ ባለው አኳሪየስ የተባለ ቤተ ሙከራ ቡድኖችን አኑሯል። የዋሻው ልምምድ አንዲት ትንሽ ደንብ ስላለው ወድጄዋለሁ። በገደል ገመድ ላይ የሚሄድ ሰው ሁለት ማያያዣ ይዞ ይሄዳል፤ ሁለተኛው ሳይያያዝ የመጀመሪያውን አይፈታም። ከጣቢያ ውጪ የሚሠራ ጠፈርተኛም የሚከተለው ይህንኑ ደንብ ነው። ድካም ሲበዛ፣ ጭቃ ሲያዳልጥ፣ ከኋላ ያለው ሰው ከፊት ያለውን፣ ማያያዣህ አልገባም፣ ማለት አለበት፤ ከፊት ያለውም ሳይቆጣ ቆሞ ማየት አለበት። ማታ ማታ ተቀምጠው ቀኑ እንዴት እንደዋለ ሲገመግሙ የሚያነሡት እንዲህ ያለውን ነው፦ ማን ምን አየ፣ መቼ ተናገረ፣ ዘግይቶ ከሆነስ ምን ያዘው። ይህ በየቀኑ የሚደረግ ልማድ ሲሆን፣ መናገር ክስ መሆኑ ይቀራል።

ከሁኔታ ጋር ስለመላመድ የቅርቡን ምሳሌ ላንሣ። ቡች ዊልሞርና ሱኒ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. ጁን 5 ቀን 2024 ለስምንት ቀን ያህል በረራ ተነሡ። የተሣፈሩባት መንኩራኩር ችግር ስለገጠማት ያለ ሰው እንድትመለስ ተወሰነ፤ እነርሱም ማርች 18 ቀን 2025 በሌላ መንኩራኩር እስኪመለሱ ድረስ 286 ቀናት በጠፈር ቆዩ። ከመነሣታቸው በፊት ለጣቢያው የሚያስፈልግ የሽንት ማጣሪያ ፓምፕ እንዲጫን ሻንጣቸው ተቀንሶ ስለነበረ፣ ቅያሪ ልብስ እስኪደርሳቸው በጣቢያው የነበረ ትርፍ ልብስ ለበሱ። እንግዳ ሆነው የሄዱት ሰዎች ነባር ነዋሪ ሆኑ፤ ዊሊያምስም የጣቢያው አዛዥ ሆነች። ስለ ሁለቱ ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ስለ ዚና ካርድማንና ስለ ስቴፋኒ ዊልሰንም እንድናስብ እፈልጋለሁ። እነዚህ ሁለት ጠፈርተኞች፣ ለእነ ዊልሞር መመለሻ ሁለት ወንበር ባዶ እንዲሄድ ሲባል፣ በሴፕቴምበር 2024 ሊሄዱበት ከነበረው በረራ ተነሥተው በምድር ቀሩ። ከሁኔታው ጋር መላመድ የተጠየቀው ላይ ከነበሩት ብቻ አልነበረም።

ወደ ማርስ የሚደረግ ጉዞ ይህን ሁሉ ያከብደዋል። በማርስና በምድር መካከል አንድ የሬዲዮ መልእክት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ይፈጃል። እስካሁን ባነሣናቸው ታሪኮች ሁሉ፣ ከስካይላብ ውይይት እስከ አፖሎ 13 ማጣሪያ፣ የሬዲዮ ግንኙነት እስካለ ድረስ ምድር ወዲያው ልትመልስ ትችል ነበር። በማርስ መንገድ ላይ ማጅራቱን ውሃ የነካው ሰው ሲናገር፣ መልሱ ከምድር እስኪመጣ 40 ደቂቃ ሊያልፍ ይችላል። በሞስኮ ከጁን 2010 እስከ ኖቬምበር 2011 ስድስት ሰዎች ለ520 ቀናት በተዘጋ ክፍል የማርስን ጉዞ አስመስለው ሲኖሩ፣ የሰዎቹ እንቅስቃሴ እየቀነሰ መሄዱ ታይቷል፤ የአንዱም የውስጥ ሰዓት ቀኑን ወደ 25 ሰዓት ስላረዘመው፣ ሌሎቹ ሲተኙ እርሱ የሚነቃበት ጊዜ መጣ። ማንም አላጣላቸውም፤ ነገር ግን በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኖ በሌላ ሰዓት የሚኖር ሰው ያየውን የሚነግረው ሰው አጠገቡ ነቅቶ አያገኝም። ስለዚህም የወደፊቱን ጉዞ የሚያቅዱ ሰዎች ስለ ሞተርና ስለ ጨረር እንደሚጨነቁት ሁሉ፣ አብሮ ስለ መብላት፣ አብሮ ስለ መንቃትና በየቀኑ ስለ መነጋገር ቢጨነቁ አይበዛባቸውም።

ወደ ራስ ቁሩ ልመለስ። ከ2013ቱ አደጋ በኋላ የናሳ ባለሙያዎች ሁለት ቀላል ነገሮች ጨመሩበት። አንደኛው ውሃ አፍንጫና አፍን ቢደፍን አየር ከታች ከልብሱ የሚስቡበት የላስቲክ ቱቦ ነው። ሁለተኛው ከጭንቅላት በስተኋላ የሚለጠፍ፣ ውሃ የሚመጥ ንጣፍ ነው። ከጣቢያው ውጪ የሚሠራ ጠፈርተኛ ሥራውን እየሠራ በየተወሰነ ጊዜ ጭንቅላቱን ወደ ኋላ ደገፍ አድርጎ ንጣፉን ይጫነዋል። ከዚያ ጓደኛውም፣ በጣቢያው ውስጥ ያሉትም፣ ምድር ላይ ያሉትም በሚሰሙት ሬዲዮ፣ ደረቅ መሆኑን ይናገራል።

አመሰግናለሁ።